የመሬቱ መዝገብ ለማን ተጻፈ?

ርእሰ አንቀጽ

ከተማችን ጋምቤላ ከውል የተወለደች ከተማ ናት። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ተፈቀደ። ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበርና፣ አገሪቱ በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የውሉ ዕድሜ አበቃ። ይህን ውል ዛሬ ማንኛውም ተማሪ መጽሐፍ ገልጦ ያነበዋል። መሬቱ ስንት ነበር? ለማን ተሰጠ? እስከ መቼ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ አይቸግረንም።

የዚህ ርእሰ አንቀጽ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ የተጻፈውን ውል ለማንበብ ከቻልን፣ በእኛ ዕድሜ፣ በእኛ ወረዳ የተፈረመውን ውል ለማንበብ ስለምን አቃተን?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከመካከላችን አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ እንዲረዳው፣ በአባቱ ቀበሌ ያለ የእርሻ መሬት ለባለሀብት የተሰጠበትን ውል ለማየት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። በመጀመሪያው ቀን «ለምን ፈለግኸው?» ተባለ። በሁለተኛው ቀን «ደብዳቤ አምጣ» ተባለ፤ አመጣም። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው የተጻፈው ለበላይ መሥሪያ ቤት መሆን ነበረበት ተባለ። በአራተኛው ቀን ኀላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ የመሳቢያው ቁልፍ ለመስክ ሥራ ከወጣው ሰው ጋር ሄዶ ተገኘ። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ጓደኛችን «አይቻልም» ያለው ሰው የለም፤ «ይቻላል» ያለውም የለም።

ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንቢታ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ ይባልበት ነበር። «ነገ ተመለስ» ግን ይግባኝ የለውም። አባቶቻችን ደጅ ጥናት ይሉት የነበረው ልማድ ስሙን ለውጦ፣ ከጌታ ግቢ ወጥቶ ወደ ቢሮ ገብቷል። ደጅ ጠኚ በጌታው ፊት ባለ መብት አይደለም፤ የሚለምነው ችሮታ ነው። ጓደኛችን የጠየቀው ግን ችሮታ አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሻትና የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። ይህን በዝርዝር ለማስፈጸም በ2000 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት ዐዋጅ ቁጥር 590 ወጣ። የዚህ ዐዋጅ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ ተተክቷል፤ የመረጃው ክፍል ግን የያዘው ሐሳብ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነው። በዐዋጁ መሠረት ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሹም ነው። ጠያቂው መረጃውን የፈለገበትን ምክንያት እንዲያስረዳ አይገደድም። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ክልከላ ካለም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጣል። የተከለከለው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያም በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ለማለት ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከጓደኛችን አምስት ቀን ጋር አስተያየው። ሕጉ ሊጠይቀው የማይፈቅደው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ ሆነ። ሕጉ ያዘዘው የጽሑፍ መልስ ደግሞ ከቶ አልመጣም። የጽሑፍ መልስ ከሌለ አቤቱታ የሚጻፍበት ነገር የለም፤ የአቤቱታው ደጅ ያለ ቁልፍ ተዘጋ ማለት ነው። ይህን አቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ ይዞ ለመሄድ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

«የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ቢዘገይ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ የተማሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ባልሞላንበት ነበር። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ይህን ይላል። ሁለት ሰዎች በጋራ አንድ በሬ ቢኖራቸውና አንደኛው ለሦስተኛ ሰው ቢያከራየው፣ ሁለተኛው ባለ በሬ «በስንት? እስከ መቼ?» ብሎ ቢጠይቅ «ለምን ፈለግኸው?» ይባላልን?

በጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴር ካሩቱሪ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር በተፈራረመው ውል በጋምቤላ ክልል 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት አከራየ። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። በዚሁ ውል መንግሥት መሬቱን ከመሰናክል ነጻ አድርጎ ለማስረከብ ግዴታ ገባ። በዚያው በ2003 ዓ.ም. በክልላችን 45,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ውስጥ በመንደር ለማሰባሰብ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። መንግሥት ሰፈራው በፈቃድና ለአገልግሎት አቅርቦት ነው ሲል፣ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ግዳጅ አለበት ብለው ተከራከሩ። ማን እውነት እንደ ተናገረ ለመፍረድ የመሬቱ ውል፣ የሰፈራው ዕቅድና የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጎን ለጎን መነበብ ነበረባቸው። ከሳን የሚያርሰው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ከብት የሚጠብቀው ወገናችን ግን የገዛ መሬቱ ነገር በማያነበው ቋንቋ፣ በማያየው መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ቀረ።

ለሚኒስቴሩ ምስጋና ሊነፈገው አይገባም፤ ካንዳንዶቹ ውሎች ግልባጭ በድረ ገጹ ላይ እንዲወጣ አድርጓል። ይህ በመሆኑ ሰማይ አልተደፋም። እንዲያውም ዛሬ ስለ 20 ብሩ ልንጽፍ የቻልነው ስለ ወጣ ነው። ባልተነገረው ነገር ግን የደረሰው ይታወቃል። የካሩቱሪ ውል በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ሲሰረዝ፣ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው የለማው መሬት 1,200 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያም በኋላ በመንግሥት በተካሄደ ጥናት፣ በክልላችን ለእርሻ የተሰጡ መሬቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው መገኘታቸው ተገለጠ። አንድ መሬት ለሁለት ሰው ሲሰጥ መዝገቡ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያው ገበሬ ባለፈ ጊዜ «ይህስ ትናንት ለእገሌ የተሰጠው አይደለምን?» ባለ ነበር። የተዘጋ መሳቢያ ግን ስሕተቱን አብሮ ይቆልፈዋል።

ኩባንያው የመጣበትን አገር ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በሕንድ አገር በራጃስታን ግዛት ድሆች የቀን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት የደመወዛቸውን መዝገብ ግልባጭ ይሰጠን ብለው ተነሡ። የተገኘውን መዝገብ በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። ያልሠራ ሰው ደመወዝ ሲወስድ፣ የሞተ ሰው ስም ሲፈርም፣ ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ሲባል ተገኘ። ያ ትግል አድጎ እ.ኤ.አ. በ2005 ለመላ አገሪቱ የመረጃ ሕግ ሆነ። እኛ ከሕንድ ኩባንያውን ተቀበልን፤ የሕንድ ገበሬ ያስተማረውን ትምህርት ግን ገና አልተቀበልንም።

ምስጢር የሚባል ነገር የለም አንልም። የአገር መከላከያ ምስጢር፣ የግለሰብ የግል ሕይወት፣ የካቢኔ ምክክር በሕጉ ተለይተው ተጠብቀዋል፤ መጠበቃቸውም ተገቢ ነው። የሕዝብ መሬት ኪራይ ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ደግሞም ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ጸሐፊ ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እርሱ ወረቀት ቢሰጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ባይሰጥ ግን የሚጠይቀው የለም። ልጆች ያሉት ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የጸሐፊው ጠባይ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ዝም ያለ ሁሉ የሚጠየቅበት አሠራር ያስፈልጋል።

በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የጥያቄ መቀበያ መዝገብ ይኑር፤ ለጠያቂውም ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጠው። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ደረሰኝ ነውና። የሚከለክል ሹም የከለከለበትን አንቀጽ ጽፎ ይፈርም። የመሬት ውሎች ዝርዝር በየወረዳው ይለጠፍ፤ በገበያ ቀንም በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛና በማጃንግኛ ይነበብ። በጥንት ጊዜ ዐዋጅ በነጋሪት ለገበያተኛ ይነገር ነበር፤ ዐዋጁን ያልሸሸግን ሰዎች መዝገቡን ስለምን እንሸሽጋለን?

ለሌላው ከተናገርን ለራሳችንም እንናገር። የማኅበራችን ገቢና ወጪ ለአባሎች ተዘርዝሮ የተለጠፈው መቼ ነው? ከእኛ መዋጮ የተገዛው ወረቀትና ቀለም ስንት እንደ ሆነ የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት ነው? የራሱን ሣጥን ያልከፈተ የሌላውን ክፈት ለማለት አፍ የለውም። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ የዚህን ዓመት ሒሳብ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲያወጣ በዚህ ገጽ እንጠይቃለን፤ ምክንያታችንንም አንናገርም።

የሕግ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን ደግሞ መጻፍ ለማይችሉ ወገኖቻችን የመረጃ ጥያቄ በመጻፍ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጡን፣ መምህራኖቻችንም ጥያቄዎቹ ትክክል መጻፋቸውን ቢመለከቱልን፣ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይበልጣል። ትምህርታችን ለዚህ ካልዋለ ለምን ሊውል ነው?

በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ አደባባይ ወጡ። እኛ ዛሬ የምንለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ የመሬቱ ወረቀት ለአራሹ ይታይ። ጓደኛችንም በስድስተኛው ቀን ተመልሶ ይሄዳል። አሁን ግን ጥያቄው በሁለት ግልባጭ ተጽፏል፤ አንደኛው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ቀን ሳይዝ አይመለስም።