«ምን ልታድንበት ነው?»

ለትልቅ አውሬ አደን ጠመንጃ በልኩ የሚያሠራ ሰው ጠመንጃ ሠሪው ዘንድ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ምን ሊያድኑበት ነው?» ይባላል። የአፈሙዙን ስፋት፣ ርዝመትና ውፍረት የሚወስነው መልሱ ነው።

ጎሽ የሚታደነው ብዙውን ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በቅርብ ርቀት ነው። ስለዚህ ከባድ ጥይት የሚተኩስ ሰፊ አፈሙዝ፣ ርዝመቱም ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቅርንጫፍ የማይዘው ይመረጣል። በባሌና በአርሲ በተፈቀዱ የአደን ክልሎች የደጋ አጋዘን የሚፈልግ ሰው ግን ከሸለቆ ማዶ መተኮስ ስለሚኖርበት ጠበብና ረዘም ያለውን ይመርጣል፤ አፈሙዙ ሲረዝም ባሩዱ ጥይቱን ረጅም መንገድ ስለሚገፋው ፍጥነት ይጨምርለታል። ወፍራም አፈሙዝ ሲሸከሙት ይከብዳል፣ ሲተኩሱት ግን ትከሻ አይጎዳም። ቀጭኑ የዚህ ተቃራኒ ነው። ባጭሩ አፈሙዝ የሚለካው በሚታደነው ነው።

ይህንኑ መለኪያ ይዞ ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ የወረደ ሰው የሚያገኘው መልስ ያስደነግጣል።

ራያ ውስጥ ጠመንጃ ጌጥም ክብርም ነው። በአያቶች ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ስሙ የታወቀው ውጅግራ 82 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ነበረው፤ የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነው። የተኮሰ ሰው እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ ገላጋይ መሐል የሚገባበት ፋታ ነበር። ዛሬ በየትከሻው የሚታየው ክላሽ አፈሙዙ 41 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ የውጅግራው ግማሽ ነው። ካዝናው ግን 30 ጥይት ይይዛል። የተሠራው ለወታደር እንጂ ለአዳኝ አይደለም።

ለአካባቢው የጦር መሣሪያ ያመጡለትም አዳኞች አይደሉም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ጊዜ ለራያና አዘቦ ሰዎች ጠመንጃና ጠገራ ብር ያደለው ለአውሬ ብሎ አልነበረም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቆቦ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ የተረፈው መሣሪያም ለአደን የመጣ አይደለም። በሜዳው ዝሆን የለ፣ ጎሽ የለ። ጅብን ከበረት ለማባረር 30 ጥይት አያስፈልግም። እንግዲህ ለዚህ አፈሙዝ የሚቀረው ታዳኝ አንድ ነው፤ እሱም ሰው ነው።

በዞብል ግርጌ ከብት የሚጠብቅ ገበሬ ለዚህ መልስ አለው። ከብቱ ሲነዳበት ፖሊስ አይደርስለትም፤ ጎረቤቱ ታጥቆ እሱ ብቻ ቢፈታ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? ስጋቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ያስረክብ» የሚለው የቢሮ መመሪያ አያዋጣም፤ መሣሪያውን ወደ ጉድጓድ ይከተዋል እንጂ።

ነገር ግን ከብት መጠበቅና ጦር ሜዳ መዋል አንድ አይደሉም። በአንድ ጥይት የሞተን ሰው ደም ሽማግሌ ተቀምጦ ያደርቀዋል። በገበያ ጠብ ወይም በሠርግ ተኩስ አንድ ካዝና ሲራገፍ ግን ሐዘኑ የብዙ ቤት ይሆናል፤ የሽማግሌም ጉልበት ይደክማል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። ቆላው ላይ የሚጎድለው ፈቃድ ሲሰጥ «ስንት አለህ?» ከማለት በፊት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከብት ጠባቂው ነጠላ ተኳሹን አስመዝግቦ ይያዝ። አውቶማቲኩ ከገበያና ከሠርግ ይውጣ፤ ይህም የሚሆነው በሁለቱም አጎራባች ወገን በአንድ ቀን፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ መንግሥትም የከብቱን ጥበቃ በተግባር ሲረከብ ነው።

እስከዚያው ጥያቄው ከቤት ሊጀመር ይችላል። በሬ ሸጦ ክላሽ ሊገዛ የተነሣ ልጅ ካለ፣ አባቱ ጠመንጃ ሠሪው የሚጠይቀውን ይጠይቀው፦ «ምን ልታድንበት ነው፣ ልጄ?» ልጁ የአውሬ ስም መጥራት ካቃተው በሬው አይሸጥ።