ርካሽ ለማን ነው?

ወንጂን ስኳር ያስጀመረው ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነው። ሙያውን ያካበተው በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በጃቫ ደሴት ነበር። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ፤ የወንጂ ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

አገዳ ተቆርጦ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ፋብሪካው ሌት ተቀን ይሠራል፣ ሰውም በማሽኑ ሰዓት ይኖራል። በባርቤዶስ የባርነት ዘመንም፣ በጃቫም፣ በወንጂም ይኸው ነው። ከከምባታና ከሐዲያ ድረስ የመጣው ቆራጭ የሚከፈለው በቆረጠው ልክ ነበር። በዚያ ላይ የወንጂ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የስንቱን ጥርስና አጥንት ጎዳ! በ1967 ፋብሪካው ተወረሰ፤ ባለቤት ተቀየረ፣ ቆራጩ ግን ያው ቆራጭ።

እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር «ርካሽ የሰው ጉልበት» እንደ ጸጋ ይቆጠር ነበር። አሁን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ በንጋት የፋብሪካ ሰርቪስ የሚጠብቁ እኩዮቼን ሳይ ቃሉ ይጎረብጠኛል። የቤት ኪራዩ ርካሽ አይደለም፣ ጤፉማ አይወራ።

ቅኝ አልተገዛንም፣ እሺ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዓመታት አለፉ፤ በግል ድርጅት የሚሠራው ግን ዛሬም የደመወዝ ወለል የለውም። ወለሉ ይቀመጥ! «ኢንቨስተር ይሸሻል» የምትሉ፣ ደሞዙ አልበቃ ብሎት በሦስት ወሩ ጥሎ የሚሄደውን ሠራተኛስ ቆጥራችሁታል? በየጊዜው አዲስ ሰው ማሠልጠንም እኮ ወጪ ነው።