በመጋዘኑና በመኪናው መካከል

ደምበጫ በአዲስ አበባ–ባሕር ዳር አውራ ጎዳና ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብላ የምትገኝ የእህል አገር ናት። በቆሎው፣ ስንዴውና ጤፉ የሚወጣው በጭነት መኪና ነው፤ ማዳበሪያውም ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጭነት መኪና ይገባል። የበቆሎ ዋጋ ስንት ገባ፣ ማዳበሪያው ደረሰ ወይስ ዘገየ እያልን ስናወራ እንከርማለን። ከመጋዘኑ ወለል እስከ መኪናው ወለል ስላለችው ክፍተት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የጫኝና አውራጅ ልጆች ወገብና እግር የሚቀረው እዚያች ላይ ነው።

መጋዘን ሲሠራ ወለሉ ከመሬት ከፍ የሚለው የክረምት ውኃ እንዳይገባና እህሉ እርጥበት እንዳይስብ ነው። ልኩን የሚወስነው ጎርፉ እንጂ መኪናው አይደለም። በሩ ላይ ደግሞ ዛሬ አይሱዙ፣ ነገ ሲኖትራክ ከነተሳቢው ይቆማል፤ ከፍታቸው አይገናኝም። ልዩነቱን የሚያቻችለው አንድ ሳንቃ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት አንድ ኩንታል ተሸክሞ ሲረግጠው 160 ኪሎ አረፈበት ማለት ነው፤ ጓደኛው ከኋላው ከተከተለ ከ300 ኪሎ ያልፋል። የከፍታው ልዩነት ግማሽ ሜትር፣ ሳንቃው 2 ሜትር ከሆነ፣ ልጁ በየአራት ክንዱ አንድ ክንድ ሽቅብ እየወጣ ነው።

የመኪናው ወለል ደግሞ ባለበት አይቆይም። ሲጫን ባሌስትራው እየተጎነበሰ ይወርዳል፤ ሲራገፍ ተመልሶ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ ደህና የተቀመጠው ሳንቃ ጭነቱ ሲጋመስ ያጋድላል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ጫፉ ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታል። ከቀዳዳ ኬሻ የፈሰሰ በቆሎ ወይም የማዳበሪያ ፍሬ ከተጨመረበት እግር ምን ይይዛል? ማዳበሪያ በብዛት የሚራገፈው ደግሞ ዝናቡ ሲቃረብና ሲገባ ነው። ታኮ ያልተደረገበት መኪና ትንሽ ፈቀቅ ካለ ሳንቃው ይወድቃል፤ ወደ ኋላ ካፈገፈገ በግድግዳውና በመኪናው መካከል የቆመውን ሰው ይጨፈልቃል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። ከውጭ የሚመጣው የማዳበሪያ ኬሻ 50 ኪሎ ነው፤ እኛ በቆሎ የምንሞላበት 100 ኪሎ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ የእኛ ልጆች ግን ዛሬም እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይሸከማሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ጫኙ ግን በማኅበር ተደራጅቶ በኩንታል የሚከፈለው ነው፤ አሠሪው ማን ነው? ነጋዴው «የተዋዋልኩት ከማኅበሩ ጋር ነው» ይላል፤ ባለ መኪናው «እኔ ያከራየሁት መኪና ነው» ይላል። እግሩ የተሰበረው ልጅ እናቱ ቤት ይተኛል። ክፍያው በኩንታል መሆኑ ደግሞ ራሱ ያጣድፋል፤ ሳንቃውን ለማስተካከል የቆመ ሰው ገቢው ይቀንሳል።

በእኔ እምነት ኃላፊነቱ የመጋዘኑ ባለቤት ነው፣ ዩኒየንም ይሁን ነጋዴ። መኪናው ይሄዳል፣ ጫኙም ይለዋወጣል፤ በሩና ወለሉ ግን የእርሱ ናቸው። ሁለት ሰው የሚያሳልፍ፣ እንዳያንሸራትት ሸካራ የሆነ፣ ጫፉ መኪናውን የሚነክስ የብረት መሸጋገሪያ ያሠራ። ከተማዋ ውስጥ ይህን የሚበይድ ባለሙያ አይጠፋም። መኪናው ሲቆም ከጎማው በፊትና በኋላ ታኮ ይደረግ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ቁልፉ በጭነቱ ኃላፊ እጅ ይቆይ። የፈሰሰውን የሚጠርግ ሰው ይመደብ፤ የእርሱም ቀን ይከፈለው። አዲስ መጋዘን የሚገነባም መሠረት ሳያስቆፍር በፊት ደጁ ላይ የሚቆሙትን መኪኖች ከፍታ በሜትር ይለካ፤ ለዝቅተኛው የድንጋይ ካብ ያለው የአፈር መወጣጫ ያሠራለት። አዲሱ በቆሎ ከኅዳር ጀምሮ መግባት ይጀምራል፤ ብረቱ መበየድ ያለበት ከዚያ በፊት ነው።