የመንዝ ባናና በስልክ ያደገ ገዢ

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚገዛውን ሰው ጠባይ ጭምር ማወቅ ይገባዋል። ገዢው ተለውጦ አሻሻጡ ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ፥ ዕቃው ያማረ ቢሆን እንኳ ከመደርደሪያ አይወርድም። ዛሬ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የሚታየው ነገር ይኸው ነው።

የመንዝ በግ ጠጉር በደጋን ተነድፎ፥ በሴቶች እጅ ተፈትሎ፥ በሸማኔ እጅ ተሠርቶ ባና፥ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። የደጋን ብርድ ያየ ሰው የዚህን ልብስ ጥቅም ያውቃል። ነገር ግን ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ገበያ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ፥ ትርፉ ከፈታይዋና ከሸማኔው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል። ወጣቱ ገዢ ደግሞ ዕቃን በቴሌግራምና በቲክቶክ አይቶ ይመርጣል፤ ዋጋውን ከሌላው ጋራ ያስተያያል፤ ገንዘቡንም በስልክ ይልካል። ቴሌብር ሥራውን የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ የብር ኖት በኪሱ የማይይዝ ልጅ በወረዳ ከተማም ይገኛል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ በገባ ጊዜ የሰይጣን ድምፅ ነው ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬ እንዲህ የሚል ካህን ቢፈለግ አይገኝም፤ ነገር ግን ልጁ ስልክ ሲመለከት ሥራ ፈት ነው ብሎ የሚቈጣ አባት ብዙ ነው። ቍጣውም ፈጽሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት በከንቱ ጨዋታ የሚደክም ዐይን አለና። ሆኖም ያው ልጅ የአባቱን ዝተት ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር ለክቶ፥ ዋጋውን በግልጽ ጽፎ ቢያወጣው፥ አባቱ በዓመት የማያገኘውን ገዢ ባንድ ሳምንት ሊያገኝ ይችላል። ዋጋውን ሰውሮ «በውስጥ ጠይቁ» ማለት ግን ወጣቱን ያሸሻል። በሥዕሉ ጥቁር በርኖስ አሳይቶ ቀለም የተነከረ መላክም የባሰ ነው፤ የተታለለ ልጅ ቅሬታውን ለጎረቤቱ ሳይሆን ለሺህ ሰው ያሰማል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ኀፍረቱ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ይሁን እንጂ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ከአፍ ስላልጠፋ፥ የሸማኔ ልጅ የሌላ አገር ሸቀጥ በስልኩ እያሻሻጠ የአባቱን ሥራ ይደብቃል። ይህን ስድብ በዐውደ ምሕረትና በጉባኤ ማስቀረት ከካህናቱና ከሹማምቱ በቀር ለማን ይቀላል?

ሹማምቱ ሌላም ሥራ አለባቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ ንግዱን ሁሉ በስልክ ያደረገ ሰው እጁ ታስሮ ቀርቷል። ስለዚህ ኢንተርኔት በሌለበትም ቀን በኮከብ 127 መሰላል መክፈል እንደሚቻል ለገበያተኛው ማስተማር፥ ነጋዴውም የገበያ ደንበኛውን እንዳይተው መምከር ያስፈልጋል። የፈታይዋም ዋጋ በባሏ ወይም በደላላው ሳይሆን በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባላት ይሁን፤ ሒሳቡ በተከፈተላትም ቀን የምሥጢር ቍጥሯን ባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውል ቀርቶ ለገዛ ልጇም እንዳትነግር አጥብቆ ማስጠንቀቅ የከፈተላት ሰው ተግባር ነው።