ሰው ሲጣላ ዝሆኑ አለቀ

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይባላል። ተረቱ ደህና ተረት ነው፤ ለዘመናችን ኢትዮጵያ ግን አልሠራም። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ፣ ሰዎች በተጣሉ ቁጥር የሚያልቀው ዝሆኑ ሆኗል። መንግሥት ሲለወጥ ቆርኬ ይታረዳል። ክልልና ክልል በድንበር ሲጋጩ ዝሆን ጠባቂ ያጣል። ጦርነት ሲነሳ የዋልያው ተራራ የተኩስ ወረዳ ይሆናል። ከዚያ ሰዎቹ ይታረቃሉ፤ ወይም አንዱ አሸንፎ ወንበሩ ላይ ይወጣል። የሞተው አውሬ ግን አይነሳም።

ይህን ነገር ለአንድ ወዳጄ ባነሳበት «ኧረ ተወኝ እባክህ! ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት አገር አንተ ስለ ዝሆን ታወራለህ?» አለኝ። ብዙ አንባቢም እንዲሁ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ምን እንደነበረንና ምን እንደቀረን ላስቀድም።

እ.ኤ.አ. በ530 ገደማ ኖኖሱስ የሚባል የቢዛንታይን መልእክተኛ ከአዱሊስ ወደብ ተነስቶ ወደ አክሱም ሲጓዝ፣ መንገድ ላይ በአንድ ሜዳ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖች ማየቱን ጽፎ ትቶልናል። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ 5,000 ዝሆን፣ ያውም በአንድ ሜዳ፣ ያውም በሰሜኑ ምድር። የአክሱም መንግሥት ሀብት አንዱ ምንጭ የዝሆን ጥርስ ንግድ ነበር። ከዚያም በኋላ አዳኙ ሲተኩስ፣ ነጋዴው ሲጭን ኖረ። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ዝሆን የገደለ ሰው ይፎክር፣ ይዘፈንለት፣ ይሸለም ነበር። አያቶቻችንን በዛሬ ሚዛን አልመዝናቸውም፤ እነሱ ዝሆን ያልቃል ብለው አላሰቡም። እኛ ግን ቁጥሩን እያወቅን ነው የምናስጨርሰው።

ቁጥሩ ይኸውላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአፍሪካ ትልቁ የዝሆን ቆጠራ ከአየር ላይ ሲካሄድ፣ በኢትዮጵያ ቆጠራው በደረሰባቸው ቦታዎች የተገመተው 799 ዝሆን ነው። ያልደረሰባቸው ጫካዎች ተጨምረው እንኳ የመላው አገሪቱ ዝሆን በወቅቱ ሁለት ሺህ ገደማ ነው ተብሎ ነበር የሚገመተው። ኖኖሱስ በአንድ ሜዳ ያየውን ግማሽ አይሞላም ማለት ነው። አውራሪስማ ጭራሹን ከአገራችን ጠፍቷል። ሲጠፋም የሐዘን መግለጫ ያወጣ መሥሪያ ቤት መኖሩን አላስታውስም።

ወደ ባቢሌ እንሂድ። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲከለል ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎቤሌ ሸለቆዎች ውኃና ቅጠል እየተከተሉ ይመላለሳሉ። በኋላ አገር በክልል ሲሸነሸን መጠለያው በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መሐል ወደቀ። ዝሆን ደግሞ የክልል መታወቂያ የለውም። በጋ ሲገባ ውኃ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ «ይህ ወንዝ የማነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሁለቱም ነው የተባለው መጠለያ የማንም ሳይሆን ቀረ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለነዳጅ የሚሆን ጉሎ ሊያመርት ለመጣ የውጭ ኩባንያ በተሰጠ መሬት ውስጥ የዝሆኖቹ መጠለያ ተካቶ ተገኘ። ጩኸቱ የተሰማው ምንጣሮው ከተጀመረ በኋላ ነው። ቆየት ብሎ በ2010 ዓ.ም. የሁለቱ ክልሎች ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤት ንብረቱ አፈናቀለ። የተፈናቀለ ሰው መሄጃ ሲያጣ ወደ ጫካ ይገባል፤ ዛፍ ይቆርጣል፤ መሬት ይቆፍራል። ምን ያድርግ? በዚህም በዚያም ተደምሮ የባቢሌ ዝሆኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይዘዋወሩበት ከነበረው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጥተዋል።

እዚህ ላይ ገበሬውን የሚወቅስ ሰው ካለ እኔ አልተባበረውም። ዓመት የለፋበትን ማሽላ በአንድ ሌሊት የተረገጠበት ሰው ዝሆንን ቢጠላ አይፈረድበትም። ልጆቹ ጦማቸውን ላደሩበት አባት «ዝሆን ብርቅዬ ሀብታችን ነው» የሚል ስብከት አይገባውም። ካሣ ግን ይገባዋል።

የዝሆን ነገር ደግሞ እንደ ዶሮ አይደለም። ሴቷ ዝሆን 22 ወር ታረግዛለች። የምትወልደው ባብዛኛው አንድ ነው። ቀጣዩን እስክትወልድ ዓመታት ይፈጃል። የመንጋው መሪም አሮጊቷ እናት ናት፤ በድርቅ ጊዜ ውኃው የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። እሷን አንድ ጥይት ሲጥላት ከጥርሷ ጋር የመንጋው ዕውቀት አብሮ ይሄዳል።

ይህ የባቢሌ ጣጣ ብቻ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ አገር ለጥቂት ጊዜ ያለ ሕግ ስትቀር በየፓርኩ የነበረው ቤትና ንብረት ተዘረፈ። በሺህ ይቆጠሩ የነበሩት የሰንቀሌ ቆርኬዎችም ታድነው በጥቂት መቶዎች ቀሩ። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 «አደጋ ላይ ያለ የዓለም ቅርስ» ተብሎ ተመዘገበ። ከመዝገቡ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀበት፤ የተሰረዘው በ2017 ነው። እፎይ ሳይባል የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል እንደገና የጦር ሜዳ ሆነ። ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ሸሽቶ የሚጠለልበት ጎረቤት መንግሥት የለውም።

የሚገርመው በእነዚህ እንስሳት ስም ስንምል መዋላችን ነው። አንበሳ በየሳንቲማችን ላይ አለ። ኒያላ በአሥር ሳንቲም ላይ አለ፤ በሲጋራ ስምም አጭሰነዋል። የእግር ኳስ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ይባላል። ዋልያዎቹ ሲሸነፉ ከተማው በሙሉ ያዝናል። እውነተኛው ዋልያ ገደል ላይ ሲመታ ግን ማንም ዝር አይልም።

ባለሥልጣናቱ ምንም አላደረጉም አልልም። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ ተቃጥሏል። ማቃጠሉን አልቃወምም፤ «ይህ ዕቃ በኢትዮጵያ ገበያ የለውም» የሚል መልእክት ነበረው። ነገር ግን እያንዳንዱ የተቃጠለ ጥርስ የሞተ ዝሆን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ለጥፋተኛ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራት፣ ወይም ሁለቱንም ደንግጎ ነበር። እሥራቱ ቀርቶ መቀጮው ብቻ ከተፈረደ፣ ለጥርስ ነጋዴ 30,000 ብር ቅጣት ሳይሆን ቀረጥ ነው፤ ከፍሎ ሥራውን ይቀጥላል።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ሰው እያለቀ ስለ ዝሆን ማውራት ቅንጦት ነው ወይ? አይደለም። ዝሆን የሚገድለው ጠመንጃ ሌላ ጨረቃ ላይ የሚገድለው ሰው ነው። ጥርሱ በኮንትሮባንድ የሚወጣበት መንገድ ጥይት የሚገባበት መንገድ ነው። ዝሆኑን የሚጠብቀውን ስካውት ገድሎ የሚያመልጥ ሰው፣ ነገ ገበሬውንም ነጋዴውንም ገድሎ ያመልጣል። ድምፅ የሌለውን ፍጡር መጠበቅ ያቃተው ሕግ፣ ድምፅ ያለውንም አይጠብቅም። እኔ ከሰው ይልቅ ለዝሆን አላለቅስም፤ ሁለቱንም የሚገድለው አንድ በሽታ፣ ሥርዓተ አልበኝነት ነው እላለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይ አውርዱ አይደለም። አንደኛ፣ ሁለቱ ክልሎችና የፌዴራሉ መንግሥት ለባቢሌ አንድ ተጠሪ ይሰይሙ፤ አንድ ዝሆን በሞተ ቁጥር «ከወዲያ ማዶ ነው» መባባሉ ይብቃ። ሁለተኛ፣ በረሃ ውሎ በረሃ ለሚያድረው ስካውት የሚያኖር ደመወዝ፣ ሥራ ላይ ቢወድቅ ደግሞ ለልጆቹ መተዳደሪያ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ሰብሉ ለወደመበት ገበሬ ካሣ ይከፈል፤ ዝሆኑ ሲኖር የሚጠቀም ሰው ዝሆኑን ራሱ ይጠብቀዋል። አራተኛ፣ ጦር የያዛችሁ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ ከፓርኮቹ ውጡ። ተራራው የእናንተን ድል አይቆጥርም።

ቀይ ቀበሮን አይተን እንኳ እንማር። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ባሌ ላይ ደጋግሞ የፈጀው ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻን መከተብ የሚያቅተው አገር የለም። የጎደለው የእኔ ነው የሚል ባለቤት ነው።

ኮንታ ውስጥ ዝሆኖች በሚኖሩበት በጨበራ ጩርጩራ ፓርክ አካባቢ «የዝሆን ዳና» የሚባል ያማረ ሎጅ ተሠርቷል። ስሙ ደስ ይላል። ቱሪስት ይምጣ፣ ዶላር ይግባ፣ ማንም አይጠላም። ግን ጎበዝ፣ ዳና የሚኖረው የሚረግጥ እግር ሲኖር ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።