ማሞቂያው እምቢ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም

ለሰፈራችን ማኅበር ነዋሪዎች በሙሉ፤

የጋራ መዋኛ ገንዳችን የጋዝ ማሞቂያ አልነሣ ካለ እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ጠዋት ጠዋት በገንዳው ውስጥ እየተራመዱ ጉልበታቸውን የሚያፍታቱ እናቶቻችን ውሃውን በእግራቸው ጣት ነክተው ይመለሳሉ። የላስ ቬጋስ ሰው ሙቀት ይናፍቃል ቢባል የሚያምን ባይገኝም፣ የበረሃ የመጋቢት ሌሊት ውሃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ የነካው ያውቀዋል። ባለፈው ስብሰባ ታዲያ በየቤቱ ተጨማሪ መዋጮ ተጥሎ አዲስ ማሞቂያ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሌላም ሐሳብ አለ፤ እሱ የተነገረው ከስብሰባው በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። «አንዷን ሽቦ ዳይሬክት ባደርጋት እኮ ወዲያው ይነሣል» የሚል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ ምክንያቴን እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

ይህን የመሰለ ማሞቂያ ቁልፉ ስለተጫነ ብቻ ጋዝ አይለቅም። መጀመሪያ ይጠይቃል። ውሃ እየፈሰሰ ነው ወይ? ሙቀቱ ከመጠን አላለፈም ወይ? ለየጥያቄው አንድ አንድ ጠባቂ ማብሪያ አለው። ጠባቂዎቹ በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ «የለም» ካለ የጋዙ መዝጊያ አይከፈትም። እንግዲህ አልነሣ ያለ ማሞቂያ ሁሉ የተበላሸ ማሞቂያ አይደለም ማለት ነው። ሥራውን በትክክል እየሠራም ሊሆን ይችላል።

ከጠባቂዎቹ ሁሉ ቶሎ እምቢ የሚለው የውሃው ነው። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ስቦ በማጣሪያው ካሳለፈ በኋላ ወደ ማሞቂያው ይገፋዋል። ማጣሪያው ሲደፈን ማሞቂያው ዘንድ የሚደርሰው ግፊት ይደክማል፣ ማብሪያውም አይገናኝም፣ እሳትም የለም። ባለፈው ወር ነፋሱ ስንት ቀን አሸዋ እንዳለበሰን የማያስታውስ አለ? ያ አቧራ የት የገባ ይመስላችኋል? በማጣሪያው አናት ላይ ጌጅ አለች። ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ከምታሳየው ቁጥር ከ8 እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ከጨመረች ማጣሪያው መታጠብ አለበት። ማክሰኞ ዕለት ጸሐፊያችን በሩን ከፍተውልኝ ስመለከት 31 ታሳያለች። ማጣሪያው በታጠበ ማግሥት ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር 17 ነው። በፓምፑ አፍ ላይ ያለው የቅጠል ቅርጫትም ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ታዲያ በዚህ ሁኔታ ስለ አዲስ ማሞቂያ ዋጋ መነጋገራችን ተገቢ ነው ወይ?

የአምናውንም ላስታውሳችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የፓምፑ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል። ማሞቂያው ሲጠበቅ ፓምፑ ተኝቷል። የመጣው ጠጋኝ ሰዓቷን በጣቱ አዙሮ 185 ዶላር ተቀብሎን ሄደ። አልፈርድበትም፤ የጠራነው እኛ ነን።

ማሞቂያው አርጅቷል የሚሉትም ሐሰት አልተናገሩም። የከተማችን ውሃ 90 በመቶ ገደማው ከኮሎራዶ ወንዝ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ነው፤ ማዕድኑ የበዛ ነው። በቡና ጀበናችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በማሞቂያው የመዳብ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፤ ያን ጊዜ የሙቀቱ ጠባቂ እሳቱን ያጠፋዋል። ሸረሪትም በማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ድር ታደራለች። እሳት ማስነሻውም ሆነ እሳቱ መያዙን የሚያየው ሴንሰር ሊያረጅ ይችላል። እነዚህን ግን እኔና እናንተ በመፍቻ የምንደርስባቸው አይደሉም።

አሁን ወደ ሽቦዋ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በእሷ ምክንያት ነው። ዳይሬክት የምትደረገው ያችው የውሃው ጠባቂ ናት። አዎን፣ ይነሣል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማሞቂያ በሰዓት እስከ 400,000 ቢ.ቲ.ዩ. ያቃጥላል፤ አንድ የወጥ ቤት ጋዝ ምድጃ ዓይን 10,000 ገደማ ነው። አርባ ምድጃ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲነድ፣ ውሃው ደግሞ በቱቦው ውስጥ ቆሞ ሳለ ምን እንደሚሆን አስቡት። ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ የፕላስቲኩ ቧንቧ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ፍላቱ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። በዚያ በኩል የሚጫወቱት የማን ልጆች ናቸው? ሐሳቡን ያመጣው ወንድማችን በቅንነት እንዳመጣው አውቃለሁ፤ እጁም ብልህ ነው፣ የእኔንም መኪና አስነሥቶልኛል። መኪና ግን ቢበዛ ባትሪው ይሞታል።

ሌላው ነገር ክብሪት ነው። እኛ ቡታጋዝ በክብሪት ስንለኩስ ያደግን ሰዎች፣ አልነሣ ያለ ነገር ስናይ እጃችን ወደ ኪስ ይሄዳል። ይህ ማሞቂያ ራሱ ነው የሚለኩሰው፤ በክብሪት የሚነካ ቦታ የለውም። ደጋግሞ ማብራት ማጥፋቱም ይቅር። እንዲህ ባሉ ማሞቂያዎች በር ውስጥ በኩል የሚለጠፈውን ጽሑፍ ስንቶቻችን አንብበነዋል? ጋዙን ዝጋ፣ የተጠራቀመው እስኪወጣ 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ መዝጊያውን በእጅህ ብቻ አዙር፣ በመሣሪያ አትታገለው ይላል። የጋዝ ሽታ ከሸተተ ምንም ማብሪያ ሳይነኩ መራቅና ከጎረቤት ስልክ ለጋዝ ኩባንያው መደወል ነው። የእጅ ስልካችንን ይዘን ብንርቅም ያው ነው፤ ዋናው እዚያው ቆሞ አለመደወል ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ማጣሪያውን እንጠበው፣ ቅርጫቱን እናራግፈው፣ ሰዓት ቆጣሪውንም እናስተካክል። ፓምፑ ሳይጠፋና ግፊቱ ከላይ ባለችው መተንፈሻ ሳይወጣ የማጣሪያውን ክዳን ማንም እንዳይነካ፤ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ከዚህ በኋላም እምቢ ካለ፣ ፈቃዱን በኔቫዳ ስቴት የተቋራጮች ቦርድ ያጣራንለት ባለሙያ ይጠራና የትኛው ጠባቂ እምቢ እንዳለ በጽሑፍ ይስጠን። ቱቦው በስብሷል ካለ መዋጮውን ከሚከፍሉት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። የሽቦዋ ነገር ግን በቃለ ጉባኤ ይከልከል፤ የማሞቂያው ክፍል ቁልፍም ከጸሐፊያችን እጅ እንዳይወጣ።

ረጅም የውሃ ጎማ ያለው ሰው ቅዳሜ ይዞ ይምጣ፤ የማኅበሩ ጎማ ሁለት ቦታ ተቀድዷል።

አንድ ነዋሪ