ዕቁብ የሚያስጨንቀው ሰው

አሜሪካ ውስጥ የዕቁብ ዕጣ ወጣልህ ሲባል የሚጨነቅ ሰው አለ። በአካል ጉዳት ምክንያት ሠርቶ ማደር አቅቶት ኤስኤስአይ በሚባለው የመንግሥት ድጎማ የሚኖር ወገናችን ነው። የደረሰው ሦስት ሺህ ዶላር ከሆነና ወሩ ሳይወጣ ካላወጣው፣ የቀጣዩ ወር ድጎማ ይቀርበታል። ሕጉ እንደሚኖርበት ቤትና እንደ አንድ መኪና ካሉ የማይቆጠሩ ነገሮች በቀር፣ በየወሩ መጀመሪያ ቀን በእጁም በባንክም ያለው ሀብት ከ2,000 ዶላር እንዲበልጥ አይፈቅድም። ባልና ሚስት ከሆኑ ጣሪያው 3,000 ነው። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ አልተነካም።

ሠርተው የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ሲከፍሉ ኖረው የታመሙ ሰዎች የሚያገኙት ኤስኤስዲአይ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። ጣሪያው የተጫነው ያን ያህል ዘመን መሥራት ባልቻለውና ከሁሉም ይበልጥ ደሃ በሆነው ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ከፌዴራል መንግሥት የሚደርሰው ቢበዛ በወር 967 ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ተረጂዎች ቢጋቡ ለሁለቱም በድምሩ የሚደርሳቸው 1,450 ነበር፤ ለየብቻ ቢኖሩ ከሚያገኙት በ484 ዶላር ያንስ ነበር ማለት ነው። ወረቀት ሳይፈርሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸው ከታወቀም ሒሳቡ ያው ነው።

የሕዝብ ገንዘብ ለተቸገረ ብቻ ይዋል የሚለውን ሐሳብ እቀበላለሁ። ነገር ግን በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመጀመሪያ ወር ኪራይና መያዣ ከፍሎ ቤት ለመግባት እንኳ የማይበቃ ገንዘብ ሀብት ሊባል አይገባም። በዚህ ሕግ የሚኖር ሰው ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ተከልክሏል። ጣሪያውን ላለማለፍ ብሎ ገንዘቡን ለእህቱ ቢሰጥም ቅጣት አለው፤ እንደ መጠኑ እስከ 36 ወር ድረስ ድጎማውን ሊያጣ ይችላል።

መውጫ ተብሎ የተበጀው ኤብል የተሰኘው የቁጠባ ሒሳብ ነው። እዚያ የተቀመጠ እስከ 100,000 ዶላር አይቆጠርም። ችግሩ፣ ጉዳቱ የደረሰው ሰውየው 26 ዓመት ሳይሞላው መሆን ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 46 ከፍ ብሏል። በ50 ዓመቱ ስትሮክ የመታው ሰው አሁንም ውጭ ነው። ሴናተሮቹ ሼሮድ ብራውንና ቢል ካሲዲ፣ አንዱ ዴሞክራት አንዱ ሪፐብሊካን ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሪያውን ወደ 10,000 እና 20,000 የሚያሳድግ ረቂቅ አቅርበው ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ድምፅ የምንሰጥ ብዙ ነን፤ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው አዳራሻችን ሲመጣ ይህን አንስተን ልንጠይቀው ይገባል።

ሌላው ሕግ ሐዘናችንን ይነካል። ከአሜሪካ ውጭ ተከታታይ 30 ቀን የቆየ ሰው ድጎማው ይቆማል፤ ከተመለሰም በኋላ ሌላ 30 ቀን እስኪሞላ አይከፈለውም። እናቷ ያረፉባት ሴት ጎንደር ወርዳ አርባቸውን አውጥታ ስትመለስ የቤት ኪራይ የምትከፍልበት የላትም። ሠልስቱን ብቻ አውጥታ እንድትመለስ የሚነግራት ሰው መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን የምትሰማው ደብዳቤው ከደረሳት በኋላ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሰባት ዓመቱ ገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ1997 በተሻሻለው ሕግ መሠረት በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ ዜጋ ካልሆነ፣ በአብዛኛው ኤስኤስአይ ይቋረጥበታል። ማየት የተሳናቸው ወይም የመርሳት ሕመም የያዛቸው አዛውንት የእንግሊዝኛና የታሪክ ፈተናውን እንዴት ይለፉት? ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የተባለ ቅጽ አለ፤ ሕመማቸው መማርም መፈተንም እንደማያስችላቸው በዝርዝር ካስረዳ ከፈተናው ነጻ ሊያደርጋቸው ይችላል። ሐኪሙ በጥድፊያ ሁለት መስመር ጽፎ ከሰጠ ግን ውድቅ ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ የሚችል ሰው አብሮ ገብቶ አዛውንቱ በቤታቸው ምን ማድረግ እንደማይችሉ ለሐኪሙ ማስረዳት ይኖርበታል። ይህን ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችን ሊሠሩት ይችላሉ፤ ለቀብር ያደራጀነው እድር ለዚህም አያንስም። የዜግነት ማመልከቻው፣ ለዜግነት የሚጠየቀው የአምስት ዓመት ቋሚ ነዋሪነት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ሊገባ ይችላል። ጥገኝነት እዚህ ያገኘ ሰው የአምስት ዓመቱ ቆጠራ ዘግይቶ ስለሚጀምርለት ጊዜው ይበልጥ ይጠበዋል፤ ሐኪም ፍለጋው በአራተኛው ዓመት ቢጀመር ይሻላል።